የመጨረሻዋ አይጥ

ጎረቤቴ የእህል መጋዘን ጠባቂ ነው። አይጥ ጆንያውን ሁሉ ስለቀደደበት አለቃው፣ "እስከ ሰኞ ካላጠፋሃቸው ሥራህን ትለቃለህ" አለው። እሱም ስምንት አይጥ በወጥመድ ያዘና ጓሮው ካለው በርሜል ከቶ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫነበት። እርስ በርስ ተበላልተው የምትተርፈው አንዷ የአይጥ ሥጋ ስለምትለምድ፣ መጋዘን ውስጥ ብትለቀቅ የቀሩትን ትፈጃለች ባይ ነው።

"ድመት ብታመጣ አይቀልህም?" ብዬ ቀለድኩበት።

"ይሳቁብኝ እትዬ፣ ሰኞ እንተያያለን!"

ሦስት ቀን ሙሉ ጩኸታቸውንና የአጥንት መቆርጠም በአጥሩ በኩል ሰማሁ። እሑድ ረፋዱ ላይ፣ "አንድ ብቻ ቀርታለች፣ ይምጡ ይዩልኝ!" ብሎ ጠራኝ። ስደርስ ግን ከተከደነው በርሜል የሚሰማው የሁለት አይጦች መናከስ ነበር።

ክዳኑን አነሳው። በተቆራረጠ ጅራትና በደም በራሰ ጸጉር መሃል አንዲት አይጥ ጥግ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ማጅራቷ ተቦጭቆ ደሙ ይፈሳል።

"ራሷን ነክሳ ይሆናል" አለኝ።

"በየት በኩል ደርሳ?"

ዓይናችን እያየ ከማጅራቷ ሌላ ቁራጭ ሥጋ ተገንጥሎ ጠፋ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሲላመጥ ሰማን፤ የእሷ አፍ ግን ግጥም እንዳለ ነው።

ጎረቤቴ ክዳኑን እንደያዘ፣ "እንግዲያው ያሸነፈችው እሷ አይደለችማ" አለ።