እምቦጩ ጨመረ

ድሮኑ ዛሬም ባነሳው ፎቶ ላይ ኮምፒውተሩ አዳዲስ የእምቦጭ ቡቃያዎችን በቀይ ከቧል። ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ተመራማሪ በንዴት ሐይቁ ዳር ወደሚኖሩት አጎቱ ደወለ።

«አያ ይግዛው፣ መንደሩ አረሙን በእጁ ካልነቀለ ሐይቁ ላይ መርዝ ይረጫል ብዬ አልነበር?»

«ታዲያ ከንጋት ጀምሮ ውሃ ውስጥ አይደለን! ዓሣችንን ልትፈጅብን ነው?»

«ፎቶው ላይ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።»

«ዓይንህን ፈረንጅ አገር ጥለኸው መጣህ እንዴ? ድሮንህ ባለፈ ቁጥር እጃችንን እናውለበልብልህ የለም?»

ስልኩን ዘጋባቸውና «መርዙ ይረጭ» ብሎ ለአለቆቹ ላከ። ንዴቱ ግን አልበርድ ስላለው በቀይ ከተከበቡት አንዱን አጉልቶ አየ። እሱ ራሱ ለዘመቻው አሳትሞ የላከላቸውን አረንጓዴ ቲሸርትና ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ፣ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ።