ድምፅ የሚዘገይበት ቤት

ሰዎች ጠፈር ሳይወጡ የጠፈር ኑሮ የሚለማመዱበት፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት ነበር። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ፣ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ውጭ የሚሰማው ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንዲሆን አደረገ፤ ሩቅ ፕላኔት ላይ እንዲያ ነውና።

ለሙከራ የገባችው ሐኪም «ጋሼ፣ ለክፉ ቀን እንኳ የማይዘገይ መስመር ይኑረን» ብላ ለምናው ነበር። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ጠፈር ላይ ማን ሊደርስልሽ ነው?» ብሎም ሳቀባት።

አየር አጥሯት የጮኸችው ሲሰማ፣ ገላዋ በሩ ሥር ቀዝቅዞ ነበር። እናቷ ቀብር ላይ «የእጅህን ይስጥህ!» ቢሉት፣ «ደንብ ነው እናቴ» ብሎ አለፋቸው።

የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ አዲስ ሰዎች ሊያስገባ ተጣደፈ። ድምፅ የሚደመጥበትን ክፍል ባዶውን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ አልጋዎቹን ሊያይ ብቻውን ገባ። በሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ። ቢገፋው ወይ ፍንክች። አየሩ እየከበደ መጣ፤ ላብ አጠመቀው።

«ማነው እዚያ? ክፈቱልኝ!» ብሎ ማይክሮፎኑ ላይ ጮኸ።

አፉን ሳይገጥም መልስ መጣ። የሐኪሟ ድምፅ ነው።

«ይታገሱ እንጂ ጋሼ፤ ድምፅዎ ገና አልደረሰኝም።»