ስሙ ያለበት ስንኝ

ስድስት ሰከንድ። ሰባት።

ከመስታወቱ ወዲያ አባባ ጋዛንፋር ማይኩ ፊት አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው። የግጥማቸውን የመጀመሪያ ስንኝ በኡርዱ ሁለቴ ብለውታል፤ ሁለተኛው አልመጣም። እኔ ፊት ያለው ስክሪን ዝምታቸውን ይቆጥራል። አሥራ አምስት ከሞላ የሬዲዮ ጣቢያው ማሽን በራሱ የተቀዳ ሙዚቃ ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ስቱዲዮው የሚመልሰው ቴክኒሻን ቅዳሜ አይገባም።

ቅድም ኮሪደሩ ላይ ክንዳቸውን ይዤ ሳስገባቸው ይቀልዱ ነበር። ድሬዳዋ የተወለዱ፣ ከካራቺ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ ካራቺ ቢሄዱም አማርኛቸው የድሬ ነው።

«በዚህ በኩል ይግቡ» ስላቸው፣ «አቦ ተይኝ! የድሬ ልጅ አንቱ ይባላል እንዴ?» አሉኝ።

«እሺ፣ ብቻ ሪላክስ ያድርጉ፣ አባባ።»

«አንቺ ነሽ የምትንቀጠቀጪው ዮዳሄ፤ እጅሽ እኮ በረዶ ነው።»

በሩ ላይ ግን ቆሙ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮ ላይ ሃርሞኒየም ተጫወትኩ» አሉኝ። «የዘፋኙን ስም ይጠራሉ፤ የእኔን አንድም ቀን አልጠሩም። ግጥም ስጽፍ መኖሬን የሚያውቅ አልነበረም። ልማዳችን ነው፣ የመጨረሻው ስንኝ ላይ የገጣሚው ስም ይገባል። ዛሬ ራሴ እጠራዋለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ግን ዓይኔ አያነብም። ጭንቅላቴ ደግሞ… ትናንት የልጄ ስም ጠፋኝ። እኛ ጋ ገጣሚው አንዱን ስንኝ ሲል ሰዉ ተቀብሎ ይደግምለታል፤ እስከዚያ ቀጣዩ ይመጣል። እዚህ ማን ይቀበለኛል?»

ክንዳቸውን ይዤ ማይኩ ፊት አስቀመጥኳቸው።

ዘጠኝ። አሥር።

የእኔም ማይክ አጠገቤ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ቡና ሳዝዝ እንኳ ድምፄ የሚጠፋ ሰው ነኝ፤ ይህን ሥራ የወደድኩት ከመስታወት ኋላ ስለሆነ ነው። ኡርዱም አላውቅም።

አሥራ ሁለት። ቁልፉን እጫናለሁ። ስንኙን፣ ምን እንደሚል ሳይገባኝ፣ እንደሰማሁት እለዋለሁ።

ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። አባባ ወደ ድምፄ ይዞራሉ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው እጅ ይነሳሉ። ሁለተኛው ስንኝ ይመጣል።

እንዲህ እንቀጥላለን። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እቀበላለሁ፣ የጠፋው ይመጣል። ከሥራችን የዳንፎርዝ መንገድ የምድር ውስጥ ባቡር ሲያልፍ መስታወቱ ይርገበገባል። ላቤ በጆሮ ማዳመጫው ሥር ወደ አንገቴ ይወርዳል፤ ጣቴን ግን ከቁልፉ አላነሳም።

የመጨረሻው ስንኝ ላይ መድረሳችንን የማውቀው አንድ ጣታቸውን ስለሚያነሱ ነው። ስንኙን ይጀምሩታል። መሃሉ ላይ ይቆማሉ።

አራት። አምስት። የምደግመው የለኝም፤ እሳቸው ስንኙን ከመጀመሪያው ይጀምሩታል፣ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማሉ። እንደገና። እጃቸው ጠረጴዛውን ይዳብሳል፣ መነጽሩ እንደወደቀበት ሰው። ፊታቸው ላይ ያለውን ፍርሃት ሳይ የጎደለው ቃል የትኛው እንደሆነ ይገባኛል። ከዚያ ግጥም ውስጥ የማውቀው ቃል እሱ ብቻ ነው።

አሥራ ሦስት። ቁልፉን እጫናለሁ።

«ጋዛንፋር» እላለሁ።

ይደነግጣሉ። ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞረው ከጎናቸው ያለውን ባዶ ወንበር ያያሉ። ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሁለት። ሦስት። ወንበሩን በእጃቸው ይነኩታል። ማንም የለበትም።

ቀስ ብለው ወደ ማይኩ ይመለሳሉ።

«ጋዛንፋር» ይላሉ፣ እኔን ተቀብለው።