ሊማሊሞን የሚችል ሞላ

ዐብዱልከሪም በዕድሜው የጠገነው ነገር ቢኖር የሱቁን ሚዛን ብቻ ነበር፤ ሚዛኑም ከዚያ ወዲህ ለእሱም ለደንበኛውም እውነቱን ተናግሮ አያውቅም። ስለዚህ ባጃጅ ጎንደር በገባ ሰሞን፣ የመኪናውን የፍሬን ቱቦና ሞላ በገዛ ግቢው ሊቀይር ሲነሳ የአራዳ ነጋዴዎች «ዱዓ እናደርግልሃለን» አሉት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። በራሱ ለመሳቅ ማንንም አያስቀድምም ነበር።

ምክንያት ግን ነበረው። መኪናዋ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አልታዘዝ ብላዋለች። አንዴ የገዛ ቤቱን የብረት በር ገጨች፤ ሌላ ጊዜ ፒያሳ ላይ የቆመ ባጃጅ ልትጨፈልቅ ለጥቂት ሳተችው። ይህን በፍሬኑ አሳበበ። ጉድጓድ ደግሞ አንድም አያልፋትም፤ ይህን በሞላው አሳበበ።

ልጁ ሪሃና ዛሪማ ላይ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ለመጀመሪያ የልጅ ልጁ ዐቂቃ የሚታረዱትን ሙክቶች ከኋላ ጭኖ፣ ሚስቱን ሐዲጃን ከጎኑ አስቀምጦ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ገደል ራሱ እየነዳ ሊወርድ ቃል ገብቷል። በአውቶቡስ የሚመጣ አያት መሆን ያሳፍረው ነበር።

ጎረቤቱ የሻው ሜካኒክ ነው፤ የዳባት ሰው፣ ቁጥብ። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት።

«አያ ዐብዱልከሪም፣ ፍሬኑ እኮ ሸጋ ነው። ሞላውም ገና አላረጀም። ተዋት» አለው።

«ታዲያ በሩን የገጨሁት በፍቅር ነው?»

የሻው ወደ ሐዲጃ ሰረቅ አድርጎ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። ዐብዱልከሪም አካሄዱን ጠረጠረው። ብልሽቱ ብሶ መኪናዋ ወደ ጋራዡ እስክትገባለት እየጠበቀ መሆን አለበት። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር።

በብረት ክር የተጠለፈ ጠንካራ የፍሬን ቱቦና ሊማሊሞን የሚችሉ አዳዲስ ሞላዎች ከአዲስ አበባ አስመጣ። የካርቶኑን ጽሑፍ ሐዲጃ አነበበችለት፤ ፋብሪካዎች ቀለም መቆጠብ ጀምረዋል ብሎ ቀለደ። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከሥር ተጋደመና ብሎኑን በጣቱ እየዳበሰ ሲፈታ ሲያስር ዋለ። የፍሬኑን ዘይት ሲሞላ ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

«ግድ የለም፣ እሱም ፍሬን ያስፈልገዋል» አለ።

ሐዲጃ አልሳቀችም። «የሪሃና አባት፣ በአውቶቡስ ብንሄድስ?» አለችው። በእጄ ሥራ አላመነችም ብሎ ውስጥ ውስጡን አዘነ።

አሮጌውን ሞላ አውልቆ ጣለ። አዲሶቹን ሊገጥም ሲል ከጁምዓ ሶላት መልስ አጣቸው። ሌላ ገዛ፤ እነሱም ጠፉ። ሐዲጃን ሲጠይቃት «እንግዲህ አውቶቡስ አለ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ዐብዱልከሪም አሰበ። ቤት ውስጥ የሐዲጃ ወርቅ እያለ ሞላ የሚሰርቅ ሌባ፣ ሞላ የሚገጥም ሌባ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ የሻው ጋራዥ ሄደ። ጋራዥ ይባል እንጂ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ደጃፉ ላይ አንድ ነገር አደናቅፎት ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፤ ሞላ ነው፣ ማሰሪያው እንኳን ያልተፈታ አዲስ ሞላ።

ከዳሱ ውስጥ የየሻው ሰማያዊ ቱታ ታየው። ሰላምታም አላቀረበም።

«የሻው፣ በሐዘኔም በደስታዬም ከጎኔ ነበርህ። ብትጠይቀኝ መኪናዋን ከነሞላዋ አልሰጥህም ነበር? ምነው በልጅ ልጄ ዐቂቃ?»

መልስ የለም።

«እሺ ስደበኝ። እኔም እኮ ሰነፍ ሜካኒክ መሆኔን አውቃለሁ። ግን ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲህ ያደርጋል?»

አሁንም ዝም። ዐብዱልከሪም ሞላውን አንስቶ አሳየው። የሻውን ይወደው ነበር፤ ከንዴቱ ይልቅ ሐዘኑ በረታበት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፤ ሊገላግል የመጣ ግን የለም። አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሐዲጃ እያለከለከች ደርሳ ክንዱን ያዘችው።

«ሞላዎቹን እዚህ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ» አለችው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፤ «አሁን ና እንሂድ የሪሃና አባት፣ የሻው ቁርሱን ሊበላ ወጥቷል፣ ይኸ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቱታው ነው።»