የጋለ ኒውክለስ

የፊዚክስ መምህሩ፣ በምሳ ሰልፍ ተጣልተው ድንጋይ ባነሱት ተማሪዎች መሀል እርጥብ ሳር ይዞ ተንበረከከ። በተወለደበት መንደር ኦቾሎ፣ አባቱ ጠብ ሊያበርዱ እንዲህ ሲንበረከኩ፣ ጦር የሰበቀ እንኳ ሳሩን ተራምዶ አያልፍም ነበር።

ጠዋት ክፍል ውስጥ፣ «የአቶም ኒውክለስ ትንሽ ሲሞቅ አንድ ሁለት ቅንጣት ይተፋል፤ ከልክ በላይ ከጋለ ግን በአንዴ ብትንትኑ ይወጣል» ብሏቸው ነበር። ከሩቅ አገር የመጣው ጎበዝ ተማሪው፣ «ታዲያ ማን ያቀዝቅዘው?» ብሎ ክፍሉን አስቆት ነበር።

አሁን ያው ልጅ ድንጋዩን እንደጨበጠ ቀረበ። መምህሩ ሳሩን እግሩ ሥር ዘረጋለት።

«ቲቸር፣ ምን ጠፋብዎት?» አለ ልጁ፤ ጎንበስ ብሎም መሬቱን አብሮት ፈለገ።

ከወዲያ በኩል ድንጋይ ሲወረወር ግን ቀና አለና ሳሩን ተራምዶ ወደ ጠቡ ሮጠ።