የበረኛው ነጥብ

ኮኻቭ አሽቀሎን የተባለው የእስራኤል እግር ኳስ ቡድን በዚያ ዓመት የሊጉ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገሩ አሠልጣኙን ኔታኔልን ግራ አጋብቶታል። ክለቡ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ያሰለፋቸውን ቡድኖች ዕድሜ፣ ፍጥነት፣ ልምድና ያገቡትን ጎል ኮምፒውተሩ ላይ አስገብቶ ሲያስተያይ፣ የዘንድሮው ከሁሉም ጠንካራ ሆኖ ይወጣል። ከአሥራ ሁለት ጨዋታ ግን ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። የክለቡ ሊቀመንበር ሊሞር ምክንያቱን እስከ እሁድ እንዲያስረዳት ነግራዋለች። ካላስረዳ ሌላ አሠልጣኝ ትፈልጋለች።

ሐሙስ ዕለት ዝናብ ጣለ። በተጫዋቾች መግቢያ በር ላይ ያለችው የጥበቃ ክፍል አፈሰሰች። በረኛው ጋሼ ይታየው የራሰ ደብተራቸውን አጥሩ ላይ ዘርግተው ሲያደርቁ ኔታኔል በዚያ አለፈ።

ጋሼ ይታየው የስድሳ አራት ዓመት ሰው ናቸው። ግቫት ጺዮን ከተባለው ሰፈር በመጀመሪያው አውቶቡስ ይመጣሉ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ልምምድም ሆነ ጨዋታ ባለ ቀን፣ ከቦታቸው ጎድለው አያውቁም። በየዓመቱ መጀመሪያ፣ ማን እንደሚገባ እንዲያውቁ፣ የተጫዋቾቹ ስም ዝርዝር ይሰጣቸዋል። እሳቸውም ዝርዝሩን ደብተር ላይ ይለጥፉና ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከአሥር ነጥብ ይሰጣሉ። ከነጥቡ ቀጥለው አንድ መስመር በአማርኛ ይጽፋሉ።

ኔታኔል አማርኛውን አላወቀውም። ቁጥሮቹን ግን አነበበ። እዚያው ቆሞ የየዓመቱን አማካይ በስልኩ አሰላ። ቡድኑ ወደ ላይኛው ሊግ የወጣበት 2014፣ ስምንት ነጥብ ስድስት። የወረደበት 2019፣ ሦስት ነጥብ አንድ። የዘንድሮው፣ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ።

የቢሮ ጸሐፊዋን ኦርታልን አስጠራት። ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ ናቸው፤ አማርኛ ትናገራለች፣ ፊደሉን ግን ማንበብ አትችልም።

«ጋሼ፣ ስለዚህ ልጅ ምን እንደጻፉ ኔታኔል ማወቅ ይፈልጋል» አለች፣ አሎን የሚለው ስም ላይ ጣቷን አሳርፋ። አሎን ሁለተኛው ግብ ጠባቂ ነው። በዓመቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰለፈም። ነጥቡ ዘጠኝ ነው።

ጋሼ ይታየው መነጽራቸውን አደረጉ። «ከሩቅ ያያል፤ እጁን ቶሎ ያነሳል።»

ኦርታል ተረጎመች። ኔታኔል ጻፈ።

«የ2014ቱ ያኢርስ? ለምን አሥር ሰጡት?»

«ካለፈ በኋላ እንኳ ይመለሳል።»

ያኢር የክንፍ ተጫዋች ነበር። «ከእሱ በኋላ ተመልሶ የሚከላከል ክንፍ አላገኘንም» አለ ኔታኔል፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«ማኦርስ?» ማኦር የቡድኑ ዋና አጥቂ ነው፤ አጋሚም ከተባለው የሀብታሞች ሰፈር በትልቅ መኪና የሚመጣ። ነጥቡ ሁለት ነው።

ጋሼ ይታየው አመነቱ። «ሰው መውቀስ አልወድም። አንገቱን አያዞርም። አጠገቡ ሰው መኖሩን አያውቅም።»

«ቤዲዩክ» አለ ኔታኔል። «ልክ ይኸው ነው።»

በሚቀጥለው ጨዋታ አሎን ግቡ ላይ ቆመ፤ ማኦር የተቀያሪዎች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቡድኑ አንድ ለባዶ አሸነፈ። ቀጥሎ ያለውንም አሸነፈ። ሊሞር ሌላ አሠልጣኝ መፈለጉን ተወችው።

ማኦር ነገሩን ሲሰማ ወደ በሩ መጣ።

«ምን አደረግኩህ?» አላቸው በዕብራይስጥ።

«ምንም አላደረግክም» አሉት ጋሼ ይታየው። «እሱ እኮ ነው።»

ማኦር እያሰበ ሄደ። በማግስቱ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። አንገቱን ደፍቶ በሩጫ ገባና ሜዳውን ሃያ ጊዜ ዞረው። የዚያን ቀን ነጥቡ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ «ጎንደር ውስጥ ትልቅ ተጫዋች ነበርክ ይባላል» ቢላቸው፣ «ሸማኔ ነበርኩ» አሉት። ጋዜጠኛው ትሑት ሰው ናቸው ብሎ ጻፈ።

ሚስታቸው እትዬ ጌጤ ግን ተጨነቁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስለ ኳስ ምን ታውቃለህ? የሰው ልጅ እንጀራ ታስቆርጣለህ።»

«እኔን የጠየቁኝ ስለ ልጆቹ ነው» አሉ ጋሼ ይታየው። «የማውቀውን ነገርኳቸው።»

ክረምቱ አለፈ። ቡድኑ አንዴ እያሸነፈ፣ አንዴ አቻ እየወጣ ከመጨረሻው ፈቀቅ አለ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ በገዛ ሜዳው ሆነ። ካሸነፈ ይተርፋል፤ ካላሸነፈ ይወርዳል። ሊሞር በዚህ ቀን ጋሼ ይታየውን በር ላይ ማቆም ነውር ነው አለች። የቡድኑን ጃኬት አለበሰቻቸው፤ ከሜዳው ማዶ ባለው የእንግዶች መግቢያ አስገብታ የክብር መቀመጫ ላይ ከጎኗ አስቀመጠቻቸው። በሩን ሌላ ጠባቂ ያዘው።

ተጫዋቾቹ ወጡ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ማኦር ከአምስት ወር በኋላ ዛሬ ተሰልፏል፤ ኔታኔል ቸግሮት ያስገባው ነው። ጋሼ ይታየው የዛሬ ተሰላፊዎች ስም የተለጠፈበትን ደብተር ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል፤ አንድም ቁጥር ግን አልጻፉም።

ሊሞር ነጥብ የሌለበትን ገጽ አየች። ፊቷ ተለወጠ። ወደ ኦርታል ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች።

«ጋሼ፣ ለምን አልጻፉም ትላለች» አለች ኦርታል። «ከ2014ቱ ጋር ሲተያይ የዛሬው ቡድን ስንት ያገኛል?»

«እንዴት አድርጌ ልጻፍ፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ይታየው። «በሌላ በር አስገባችሁኝ፤ ማን ሰላም እንዳለ፣ ማን ዝም ብሎ እንዳለፈ በምን ልወቅ።»