በአጥሩ በር የሚገባው ኮከብ

ግሌን የዶናቱን ስኳር ከአውራ ጣቱ ላይ ልሶ ሲያበቃ፣ በዚያው ጣቱ የኮልተንን ስም ከሰሌዳው ላይ ይነቅላል።

«ይሄ አንድ» ይላል።

ሰሌዳው ላይ የተጫዋቾቻችን ስም በትንንሽ ማግኔት ተለጥፏል። ከላይ ዋናው ቡድን፣ ከታች ተተኪዎቹ። የታችኛውን ረድፍ የሞላሁት እኔ መልማዩ ነኝ። ሦስት ዓመት በካናዳዎቹ ክፍለ ሀገሮች በሳስካችዋንና በማኒቶባ የበረዶ መንገድ እየነዳሁ፣ ሜዳ ዳር ቆሜ እግሬ እየደነዘዘ፣ አንድ በአንድ የለቀምኳቸው ልጆች ናቸው። ቡድናችን የበረዶ ላይ ሆኪ ሊጉ ግርጌ ላይ ነው። «ከመሠረቱ እንገነባዋለን፣ ታገሡን» ብሎ ለሕዝቡ የማለውም ይኸው ሥራ አስኪያጃችን ግሌን ነው።

አሁን የሠላሳ አንድ ዓመቱን ኮከብ ትሬንት ሃልቮርሰንን ለማምጣት ልጆቼን ሊሰጥ ተነሥቷል።

«ጋሼ ዋልት፣ አስተያየትህን እፈልጋለሁ» ይለኛል። በልጄ ዕድሜ ነው። ጋሼ የሚለኝ የሆነ ነገር ሊያስውጠኝ ሲፈልግ ብቻ ነው።

«ባለፈው ሳምንት ልከኸኝ አይቼዋለሁ። በበር ነው የሚገባው።»

«ምን?»

«ሃልቮርሰን። ከተቀያሪ ወንበር ሃያ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ወደ ሜዳ ገባ። ሃያ ሁለቱንም ጊዜ በበሩ። ሌሎቹ ሜዳውን የከበበውን አጭር አጥር እየዘለሉ ይገባሉ፣ እሱ በር እስኪከፈትለት ይጠብቃል። ዳሌው አልቋል፣ ግሌን። ከአንድ ዓመት በላይ አይጫወትልህም።»

ይስቃል፤ የዶናት ፍርፋሪ ከጢሙ ላይ ይረግፋል። «በር የተሠራው ሰው እንዲገባበት መስሎኝ! አምና አርባ አንድ ጎል ያገባ ሰው ነው እኮ። ሕዝቡ የማንን ማልያ ይግዛ? የባላንታይንን? ኮልተን ባላንታይንን ማን ያውቀዋል?»

«ከሁለት ዓመት በኋላ የማያውቀው አይኖርም።»

«ከሁለት ዓመት በኋላ እኔ እዚህ የለሁማ!»

አመለጠው ብዬ ፊቱን አየዋለሁ። ምንም አላመለጠውም፤ ሌላ ዶናት ያነሣል።

ስልኩ ይጮኻል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ከወዲያ በኩል ያለው የሃልቮርሰን ቡድን ሰውዬ ሁለት ልጅ አይበቃኝም፣ በረኛውንም ጨምርልኝ ይላል።

«ውሰደው» ይላል ግሌን፣ አፉ እንደሞላ።

በረኛው ሃያ ዓመት አልሞላውም። ግሌን ስሙን እንኳ አይጠራም። የሁለተኛውን ልጅና የበረኛውንም ማግኔት ነቅሎ፣ ሦስቱንም ሰብስቦ ባዶው የዶናት ካርቶን ውስጥ ይጥላቸዋል። ኮልተን በጀርባው ክሬም ላይ ያርፋል።

ከዚያ መሳቢያውን ይከፍትና አዲስ ማግኔት ያወጣል። ላዩ ላይ ሃልቮርሰን ይላል፣ በቡድናችን ቀለም። እነዚህን የሚያትምልን ሱቅ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አያደርስም።

«እኔን ስትልከኝ ይሄ ታዝዞ ነበር ማለት ነው?»

«መዘጋጀት ነዋ፣ ጋሼ! አትከፋ በቃ። ደግሞ አንተ ወርደህ ንገራቸው። ያመጣሃቸው አንተ ነህ፣ ይወዱሃል። እኔ ጋዜጠኞቹ ጋ መደወል አለብኝ።»

ራስህ ንገራቸው ማለት ነበረብኝ። ፍሊን ፍሎን ከተማ ድረስ ሄጄ፣ የኮልተን እናት ማእድ ቤት ተቀምጬ፣ «ልጅሽ እኛ ጋ ነው የሚያድገው» ያልኩት እኔ ነኝ። አምናኝ ሾርባ ጨመረችልኝ። ካርቶኑ ውስጥ እጄን ሰድጄ የኮልተንን ማግኔት አነሣና፣ ክሬም እንደነካው ኪሴ ከትቼ እወርዳለሁ፤ ደረጃውን እስክጨርስ ከግሌን ይልቅ ራሴን እጠየፋለሁ።

ታች ልምምድ አልቋል። የተቀያሪዎቹ ወንበር ጋ እቆማለሁ። የአጥሩ በር አጠገቤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኮልተን ከወዲያ ጫፍ ሲያየኝ ዱላውን ከፍ አድርጎ፣ በረዶውን እየቀደደ ይመጣል። ክፍቱን በር ትቶ አንድ እጁን አጥሩ ላይ ያስደግፍና ሁለቱንም እግሩን አንሥቶ ይዘላል። አጠገቤ ዱብ ይላል።

«በሩ ክፍት ነበር እኮ» እለዋለሁ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ በበር የሚገባ የደከመ ሰው ነው ያሉኝ?» ይስቃል፤ ያልበዋል፤ ትንፋሹ ይጨሳል። «ምነው ጋሼ፣ ፈለጉኝ?»

ኪሴ ውስጥ ስሙ ጣቴ ላይ ተጣብቋል። ባራግፈውም አይለቅም።